«መምጠጥ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

አራት ኪሎ ሻይ ቤት ውስጥ የሳይንስ ተማሪዎች ሲከራከሩ ደጋግሜ የምሰማው ቃል «መምጠጥ» ነው፤ አማርኛችን ሁለት የተለያዩ ሒደቶችን (ወደ ውስጥ መስረግንና በገጽ ላይ መለጠፍን) በዚህ አንድ ቃል ስለሚጠራ ግራ መጋባታቸው አይገርምም። በጠረጴዛቸው ላይ ባለው የአምቦ ውሃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በመላው ፈሳሽ ሟሙቶ ይገኛል። በአክቲቬትድ ካርቦን (ጥቃቅን ቀዳዳዎች በሞሉት ከሰል መሰል ቁስ) ግን ጋዙ የሚለጠፈው በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ነው፤ የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ከ1000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ቁስ «ማሻሻል» ሲባል ቀዳዳ ማብዛት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ግድግዳው ጋዙን የሚይዘው በደካማ መሳሳብ ስለሆነ፣ ከአየር ውስጥ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነጥሎ ለመያዝ አቅም ያንሰዋል፤ ስለዚህ አሚን የተባሉ ናይትሮጂን ያለባቸው ውህዶች በግድግዳው ላይ እንዲቀመጡ ይደረጋል፤ እነርሱም ከጋዙ ጋር ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራሉ። በደረቅ ሁኔታ አንድ የጋዝ ሞለኪውል ለመያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የአሚን ቡድኖች ያስፈልጋሉ፤ እርጥበት ሲኖር አንዱም ሊበቃ ይችላል። ዚኦላይት የተባለውን ሌላ ባለ ቀዳዳ ማዕድን በአንጻሩ እርጥበት ይጎዳዋል፤ ውሃው ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታልና።

አሚን ከልክ ሲያልፍ ደግሞ (ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው) ቀዳዳው ይደፈንና ጋዙ መግቢያ ያጣል። የተያዘው ጋዝ ቁሱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ይለቀቃል።