ጁግሎን ምንድን ነው? «አፈሩ ተመርዟል» ከማለት በፊት

ጥቁር ዋልነት (ጠንካራ ቅርፊት ያለው፣ የሚበላ ፍሬ የሚሰጥ ትልቅ ዛፍ) አጠገብ የበቀለ ቲማቲም በጠወለገ ቁጥር ብያኔው አንድ ነው፦ «ጁግሎን ነው፣ አፈሩ ተመርዟል።» ሣሩ ሲሳሳ ጁግሎን፣ አበባው ሲቀጭጭ ጁግሎን፣ አዲስ ችግኝ ሳይጸድቅ ሲቀርም ጁግሎን። እንዲህ በችኮላ በተሰጠ ፍርድ ብቻ ለመግዘፍ አሥርተ ዓመታት የፈጀበት ዛፍ ይቆረጣል፤ መጋዙ ደግሞ ችግሩን ቶሎ አይፈታውም።

ጁግሎን በዋልነት ዝርያዎች ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው። የማይችሉት ዕፅዋት ሥር ውስጥ ሲገባ ሴሎቻቸው ኃይል የሚያመርቱበትን ሂደት ያውካል፤ ተክሉ ይጠወልጋል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ አንዳንዴም ይሞታል። በጥቁር ዋልነት ሥር፣ እምቡጥና የፍሬው አረንጓዴ ልባስ ውስጥ ይበዛል፤ በቅጠሉና በግንዱ ያንሳል። ይህን ሁሉም ይናገረዋል። የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው፦ በሕያው የዛፍ ክፍል ውስጥ አብዛኛው ጁግሎን ሆኖ አይቀመጥም። ሃይድሮጁግሎን የሚባል፣ ቀለም የሌለውና ይህ ነው የሚባል ጉዳት የማያደርስ መልክ ይዞ ይቆያል። ክፍሉ ሲቆረጥ፣ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲበሰብስ ከአየር ጋር ይገናኝና ወደ ጁግሎን ይለወጣል። ትኩስ ፍሬ ወስዳችሁ አረንጓዴውን ልባስ በቢላ ብትሰነጥቁት መጀመሪያ የምታዩት ፈዛዛ ነጭ ሥጋ ነው። ትንሽ ስትቆዩ ጠርዙ ይጠይማል፣ ከዚያ ቡኒ ይሆናል፣ እጃችሁ ላይ የቀረው ፈሳሽም ሳሙና የማያስለቅቀው ጥቁር እድፍ ይሆናል።

ክብሪት አስቡ። ቀፎው ውስጥ ያለ ክብሪት ቤት አያቃጥልም፤ መጫር አለበት። ለሃይድሮጁግሎን መጫሪያው አየር ነው። ከተጫረም በኋላ እሳቱ ሩቅ አይሄድም፤ ጁግሎን በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ ዝናብ ተሸክሞ ግቢውን አያዳርሰውም፣ ከወጣበት ሥር ብዙ ሳይርቅ ይቀራል። የሚነካው ነገርም ይወስናል፦ ጭድ ይያያዛል፣ ድንጋይ አይያያዝም። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ደበርጃንና ፖም ጭድ ናቸው። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ዱባና አብዛኞቹ ሣሮች ደግሞ ድንጋይ ናቸው። እሳቱን የሚያጠፋም አለ፤ አየር የሚያገኝ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጁግሎንን ይመገቡታል፣ በጥቂት ሳምንታትም ይፈርሳል። ንጽጽሩ የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ክብሪት አንዴ ተጭሮ ያልቃል፤ ሥር ግን ቀፎውን ያለማቋረጥ ይሞላል። «ጁግሎን ቶሎ ይፈርሳል» የሚለውም፣ «ዛፉ ከተቆረጠ ከዓመታት በኋላ ቲማቲሜ ሞተ» የሚለውም አብረው እውነት የሚሆኑት ለዚህ ነው። ኬሚካሉ ዕድሜው አጭር ነው፤ መሬት ውስጥ የቀረው ሥር ግን ቀስ እያለ ሲበሰብስ ለዓመታት አዲስ ያቀርባል። ዛፉን የቆረጠ ሰው ቀፎውን አላነሳም።

«ከጥቁር ዋልነት ሥር ምንም አይበቅልም» ለሚለው ሰው መልሱ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ዛፉ በተፈጥሮ በሚገኝበት ጫካ ውስጥ አለ፤ እዚያ ከዛፉ በታች ያለው መሬት በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው። ሙግቱ ከምንም አልተነሳም፤ በ1925 ማሲ የተባለ ተመራማሪ በቨርጂኒያ ከዋልነት ሥር ጋር የተገናኙ ቲማቲምና አልፋልፋ መጠውለጋቸውን መዘገበ፣ በ1928 ደግሞ ዴቪስ ንጥረ ነገሩ ጁግሎን መሆኑን ለይቶ በእነዚሁ ሁለት ተክሎች ላይ ጎጂነቱን አሳየ። ግን ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ሙከራዎች ብዙዎቹ ንጹሕ ጁግሎን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ ያለ አፈርና ያለ ባክቴሪያ የተሞከረባቸው ናቸው። ዘር በሳህን ላይ አልበቀለም ማለት ችግኝ በማሳ ላይ ይሞታል ማለት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሌላውን ምክንያት አስወግዱ። ትልቅ ዋልነት ውሃና ብርሃን የሚሻማ ዛፍ ነው፤ ጥላው ሥር የቀጨጨ ተክል ብዙ ጊዜ የተጠማ ወይም ፀሐይ ያጣ ነው። ውሃ አጠጥታችሁ በማግሥቱ ጠዋት ከቀና፣ ጥማት ነበር። የታችኛዎቹ ቅጠሎች በአንድ ወገን ብቻ ቢጫ እየሆኑ ከሆነ ፉዛሪየም የተባለውን የፈንገስ በሽታ ጠርጥሩ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ከተክሉ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩና የዋልነት ሥር መኖሩን እዩ። ሥሩ ከቅርንጫፎቹ ጥላ እጅግ አልፎ ይሄዳል፤ ከትልቅ ዛፍ ግንድ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ማግኘት የተለመደ ነው። ሥር ከሌለ ጁግሎንን መክሰስ ይከብዳል።

የማሰሮ ሙከራም አለ። ከተጠረጠረው ቦታ አፈር በአንድ ማሰሮ፣ ከሩቅ ቦታ የመጣ በሌላው ሙሉና በሁለቱም ተመሳሳይ የቲማቲም ችግኝ ትከሉ፤ ውሃውም ብርሃኑም እኩል ይሁን። ሁለቱም ካማሩ አፈሩ ራሱ አልተመረዘም። ይህ ሙከራ ግን ሕያው ሥር ስለሌለበት ግማሹን ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ በማሰሮ ያማረው በመደቡ ላይ የሚጠወልግ ከሆነ ጉዳዩ ከሥሩ ጋር መነካካት ወይም የውሃ ሽሚያ ነው።

ውሃ የሚቋጥር መሬት ሌላ ታሪክ ነው። አየር ሲያንስ ባክቴሪያዎቹ ይዳከማሉ፣ ጁግሎኑም ይጠራቀማል። ናይትሮጅን እንዲሰጡ ከዋልነት ጋር ተቀላቅለው የተተከሉ የአልደር ዛፎች ለዓመታት ካማሩ በኋላ፣ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሞቱባቸው ማሳዎች ተመዝግበዋል። የሦስት ዓመት ውጤት አይቶ «ምንም አይሆንም» የሚልም እንግዲህ «ሁሉም ይሞታል» ከሚለው እኩል ተሳስቷል።

አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፦ የፋርስ ዋልነት (በገበያ የሚሸጠው የተለመደው ዋልነት) ብዙ ጊዜ በጥቁር ዋልነት ሥር ላይ ተቀጥሎ የበቀለ ነው። ፍሬውን አይታችሁ «የእኔ ጥቁሩ አይደለም» ብላችሁ አትረፉ፤ ለቲማቲሙ የሚመለከተው ከመሬት በታች ያለው ነው።

ጁግሎንን የማይችሉ አትክልቶችን መትከል የግድ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ አዘጋጁ፤ ከታቹ ሥር የማያሳልፍ ግን ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይነጠፍ። መደቡ ላይ የወደቀ ቅጠልና ፍሬ ቶሎ ይለቀም። ቅጠሉ በደንብ እየተገለበጠ ከተብላላ ለኮምፖስት ይሆናል፤ ለእንጨት ፍቅፋቂውና ለልባሱ ግን ቢያንስ 6 ወር ስጡ።

ጁግሎንን በትክክል መፍራት የሚገባው በመከር ጊዜ፣ ልባሱ ላይ ነው። አውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ልባስ ደርሷል፤ ፍሬው ከወደቀ በኋላ በቀናት ውስጥ ይላጥ። ከቆየ ጥቁሩ ፈሳሽ በቅርፊቱ ዘልቆ የሚበላውን ፍሬ ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ያመርረዋል። ወፍራም ጓንት ልበሱ። የተላጠውን በባልዲ ውሃ እያማሰላችሁ እጠቡ፤ የሚንሳፈፈው ባዶ ወይም የተበላሸ ስለሆነ ይጣል። ከዚያ በጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ከሁለትና ሦስት ፍሬ ባልበለጠ ንጣፍ ለሁለት ሳምንት ያህል ይድረቅ፤ ተሰብሮ ሲታይ ውስጡ ከመተጣጠፍ ይልቅ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። የታጠበበትን ውሃ አትክልት ላይም፣ ዓሣ ያለበት ኩሬ ውስጥም አትድፉት።

ፈረስ ላላቸው ደግሞ፦ የጥቁር ዋልነት ፍቅፋቂ በጋጣ ንጣፍ ውስጥ 20 በመቶ ብቻ ቢኖርበት እንኳ በአንድ ቀን ውስጥ ከባድ የሰኮና ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ይህም በጁግሎን ስም ይወራል፤ ተመራማሪዎች ግን ጁግሎንን ብቻውን ለፈረስ ሰጥተው ያንን ሕመም በትክክል ሊደግሙት አልቻሉም። ጥፋተኛው ሌላ ንጥረ ነገር ቢሆንም ጥንቃቄው አይለወጥም፤ ፍቅፋቂው ከምን እንጨት እንደመጣ ያልታወቀ ንጣፍ ወደ ጋጣ አይግባ።