የቤት ጥገና ባለሙያ፦ ከቧንቧ ጎማ እስከ ግድግዳ ስንጥቅ

የቤት ጥገና ባለሙያ የሚባለው በአንድ ሙያ ያልታጠረ፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚችል ሠራተኛ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ሲጢጥ የሚል በር፣ የላላ ሶኬት፣ ከወለሉ የተነሳ ሴራሚክ፣ የተላጠ ቀለም፣ የዘመመ መደርደሪያ፣ ሁሉም የሱ ሥራ ነው። ለአንድ ማጠፊያ አናጢ፣ ለአንድ ጎማ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ለአንዲት ስንጥቅ ደግሞ ለሳኝ እየጠሩ መኖር አይቻልም፤ ትልልቅ ተቋራጮችም ለእንዲህ ያለ ቁርጥራጭ ሥራ አይመጡም።

ሥራው ሁለት መልክ አለው። ጥገና የተበላሸውን ወደነበረበት መመለስ ነው፤ እድሳት ደግሞ ያልተበላሸውንም መለወጥ፣ ለምሳሌ መታጠቢያ ቤቱን እንደ አዲስ ማንጠፍ ወይም ቁምሳጥን መቀየር። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። አንድ ሴራሚክ ለመቀየር ሲነሳ ከሥሩ የዛገ ቧንቧ ይገኝና የግማሽ ቀን ሥራ ሳምንት ይፈጃል።

ጎበዝ ባለሙያ የሚለየው በእጁ ፍጥነት አይመስለኝም። ዕቃውን ከመንካቱ በፊት በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እርጥበትን እንውሰድ። ግድግዳ ላይ ቡናማ እድፍ ሲታይ ችኩሉ ሠራተኛ ይፍቃል፣ ጂፕሰም ይለጥፋል፣ ቀለም ቀብቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እድፉ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ውሃው አልቆመም። ጥሩው ባለሙያ ግን መጀመሪያ "ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል ወይስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" ይላል። በዝናብ ከባሰ ጣሪያውንና አሸንዳውን ያያል። ውሃ እንጨት ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ስለሚያንጠባጥብ፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው እድፍና ቀዳዳው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አይገኙም። ዝናብ ኖረም አልኖረም የማይለወጥ ከሆነ ቧንቧ ይጠረጠራል። ይህን ማንም ሰው ራሱ ሊሞክረው ይችላል፦ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪውን ማንበብ፣ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳይነኩ መቆየት፣ ከዚያ እንደገና ማንበብ። ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ ውሃው የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው።

ከመሬት ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበትም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ሲደርቅም ነጭ ጨው ጥሎ ይሄዳል። እሱን በዘይት ቀለም መሸፈን እርጥበቱን ውስጥ ማፈን ስለሆነ ልስኑን ያረግፋል። በማዕዘንና ከቁምሳጥን ጀርባ የሚወጣው ጥቁር ሻጋታ ግን ብዙ ጊዜ ከፍሳሽ ጋር አይያያዝም። የክፍሉ አየር እርጥብ ሆኖ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ መፍትሄው መስኮት መክፈትና ዕቃውን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ነው።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧም እንደዚሁ ነው። ባለሙያው ዋናውን ውሃ ይዘጋል፣ ቧንቧውን ከፍቶ የቀረውን ያፈሳል፣ ትንሿ ብሎን እንዳትገባ የመታጠቢያውን መውረጃ በጨርቅ ይደፍናል። ከዚያ እጀታውን ነቅሎ ጎማውን ያያል። ጎማው ካለቀ መቀየሩ ቀላል ነው። ግን ጎማው የሚያርፍበት ብረት ራሱ ከተበላ፣ አዲሱንም ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላዋል። እዚያ ድረስ ጣቱን ሰዶ የሚዳስስ ሠራተኛ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ።

ስንጥቅ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ልስን ሲደርቅ የሚመጣ ነውና ሞልቶ መቀባት ይበቃዋል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያለፈ፣ ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ወይም በር እንዳይዘጋ ያደረገ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይየው። እስከዚያው ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን መጻፍ ነው፤ እየሄደ መሆን አለመሆኑን ያሳያል።

ቀለም ላይ ሚስጥር የለም፣ ዝግጅቱ ነው ሥራው። መፋቅ፣ ማለስለስ፣ አቧራ መጥረግ፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መሠረት)፣ ከዚያ ሁለት ዙር ቀለም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ 4 ሳምንት ያህል ይታገሡት፤ ካልደረቀ ቀለሙን ይገፋዋል። አሮጌ ቀለም በደረቁ ሲፋቅ ሌላ አደጋ አለው፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት። አሜሪካ እንኳ ለመኖሪያ ቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ስለዚህ አሮጌ ቤት ሲፋቅ ማስክ ማድረግ፣ ግድግዳውን እያረጠቡ መሥራት፣ ሕፃናትንም ማራቅ ግድ ነው።

መደርደሪያ መስቀልን ቀላል ያደረገው ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ አጥብቆ የሚይዘው የፕላስቲክ ፊሸር ነው። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ነው፣ ስሙም ከዕቃው ጋር ቀረ። ለ8 ቁጥር ፊሸር ግድግዳው በ8 ቁጥር መብሻ ይበሳል። የቀዳዳው አቧራ ካልተጠረገ ግን ይላላል፤ ብዙ መደርደሪያ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ባለሙያው የማይነካውንም ማወቅ አለበት። ሶኬት መቀየር ይችል ይሆናል፣ ያውም ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ። አዲስ መስመር መዘርጋት፣ የጋዝ ቧንቧ መንካት፣ ሸክም የተሸከመ ግድግዳ ማፍረስ ግን የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በብዙ አገርም ፈቃድ ይጠይቃል። "ይህ ከኔ በላይ ነው" የሚልን ሰው ከልቤ አከብራለሁ። "ሁሉንም እችላለሁ" ከሚለው ይልቅ ቤቴን የማምነው ለሱ ነው።

ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ሥራው በወረቀት ይስፈር፦ የቱ ክፍል፣ ስንት ዙር ቀለም፣ ዕቃ የሚገዛው ማን፣ ፍርስራሹን የሚያወጣው ማን። ለዕቃ መግዣ የተወሰነ ቀብድ ይሰጣል እንጂ ሙሉው አይከፈልም። ቀሪው የሚከፈለው ሥራው ከተሞከረ በኋላ ነው፤ ቧንቧው ተከፍቶና ተዘግቶ ከመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ወረቀት ይነጠፋል፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ውሃ ፈስሶ ወደ መውረጃው መሄዱ ይታያል። ባለሙያው ከሄደ በኋላ የተረፈውን ቀለምና ጥቂት ሴራሚኮች አትጣሉ፣ የቀለሙንም ቁጥር ጣሳው ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው ጥገና ያንኑ ቀለም ገበያ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም።