ስለ አርኤንዲሲ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባይንድ 9 የተባለውን የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልስ ሥርዓት) ሶፍትዌር የሚያስተዳድር ሰው እጁ ከማይለያቸው መሣሪያዎች አንዱ አርኤንዲሲ ነው። ሥራው የስም ጥያቄዎችን ለሚመልሰው ኔምድ ለተባለው ፕሮግራም ትእዛዝ ማድረስ ነው፤ ዞን (የአንድ ስምና ከሥሩ ያሉት ስሞች መዝገብ) እንደገና መጫን፣ ካሽ (ለጊዜው የተቀመጡ መልሶች) ማጽዳት፣ ሁኔታን መጠየቅ፣ ሰርቨሩን ማቆም ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። የማዋቀሪያ ፋይሎቹ አጫጭር ስለሆኑ ብዙ ሰው ከሌላ ሰርቨር ገልብጦ ያስቀምጣቸውና መሥራታቸውን ካረጋገጠ በኋላ ተመልሶ አያያቸውም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ግምቶች ዕድሜያቸው የሚረዝመው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

«አርኤንዲሲ ካልሠራ ዲኤንኤሱ ወድቋል ማለት ነው»

የስም ጥያቄዎች የሚስተናገዱት በፖርት 53 ሲሆን የቁጥጥር ትእዛዞች የሚገቡት ደግሞ በቲሲፒ ፖርት 953 ነው። ኔምድ ሲነሣ የቁልፉን ፋይል (ትእዛዞች የሚፈረሙበት ምስጢር ያለበትን) ካላገኘ ወይም ማንበብ ካልተፈቀደለት፣ እነዚህ ትእዛዞች የሚገቡበትን የመቆጣጠሪያ መስመር መክፈት እንዳልቻለ በሎጉ ላይ መዝግቦ የስም ጥያቄዎችን መመለሱን ይቀጥላል። እንዲህ ባለ ጊዜ አርኤንዲሲ ግንኙነቱ እንዳልተሳካ ቢናገርም ተጠቃሚዎች ምንም የጎደለባቸው ነገር የለም፤ ሰርቨሩ ሞቷል ብሎ ወዲያው በኃይል መግደልና እንደገና ማስነሣት የሌለውን ችግር መፍጠር ይሆናል። ተቃራኒውም እንዲሁ ነው፤ ሁኔታን የሚጠይቀው ስቴተስ የሚለው ትእዛዝ ሰርቨሩ ሥራ ላይ እንዳለ ቢመልስ፣ ፋየርዎሉ ፖርት 53ን ዘግቶት እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። የስም አገልግሎት መኖሩ የሚረጋገጠው ዲግን በመሰለ መሣሪያ ከውጭ ሆኖ ስም በመጠየቅ ብቻ ነው።

«ምንም ካልጻፍኩ የመቆጣጠሪያው መስመር ዝግ ነው»

አይደለም። በኔምድ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ኮንትሮልስ የሚለው ክፍል ጨርሶ ከሌለ፣ ኔምድ በራሱ ውሳኔ መስመሩን በማሽኑ የራሱ የውስጥ አድራሻዎች፣ በ127.0.0.1 እና በ::1 ላይ ይከፍትና በነባሪው ቦታ የተቀመጠውን የቁልፍ ፋይል ይጠቀማል። አዲስ የተጫነ ባይንድ ያለ ምንም ማዋቀር ለአርኤንዲሲ የሚታዘዘው ስለዚህ ነው። መስመሩ በእርግጥ እንዲዘጋ የሚፈልግ ሰው ኮንትሮልስ የሚለውን ክፍል ባዶ አድርጎ መጻፍ አለበት።

«ቁልፍ እስካለ ድረስ ፖርቱን ለሁሉም መክፈት አያሳስብም»

ከሁሉም አደገኛው ግምት ይህ ነው። በሁለቱም ወገን የተቀመጠው የጋራ ምስጢር የሚያገለግለው ትእዛዙን በኤችማክ ስልት ለመፈረም ነው። ፊርማው ትእዛዙ ምስጢሩን ከሚያውቅ ሰው መምጣቱንና በመንገድ ላይ አለመለወጡን ያረጋግጣል፤ ይዘቱን ግን አይመሰጥርም። ደብዳቤው ተፈርሟል፣ ፖስታው ግን አልታሸገም፤ በመካከል ያለውን ኔትወርክ የሚያዳምጥ ሰው የትኛው ዞን እንደተነካና ሰርቨሩ ምን ብሎ እንደመለሰ ማንበብ ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሰርቨሩ ፊርማውን ለመመርመር በቅድሚያ የመጣለትን መልእክት ተቀብሎ መተንተን ስላለበት፣ በዚህ ተንታኝ ክፍል ውስጥ የሚገኝ ስሕተት ቁልፍ ለሌለውም ሰው ክፍት ነው። ይህ በሐሳብ ደረጃ ብቻ የሚነሣ ሥጋት አይደለም። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሲቪኢ-2023-3341 በሚል መለያ ይፋ የሆነው ድክመት በትክክል እንዲህ ያለ ነበር፤ በተለየ ሁኔታ የተቀናበረ መልእክት ተንታኙ ራሱን ደጋግሞ እንዲጠራ በማድረግ የተመደበለትን ማኅደረ ትውስታ ያስጨርሰውና ኔምድ ሳይታሰብ ይቆማል። አጥቂው የሚያስፈልገው ትክክለኛ ቁልፍ ሳይሆን ወደ መቆጣጠሪያው ፖርት መድረስ ብቻ ነበር። ማስተካከያው በ9.16.44 እና በ9.18.19 ዕትሞች ወጥቷል፤ መስመሩ በነባሪው መልክ በራሱ ማሽን ላይ ብቻ የተወሰነለት ሰርቨር ግን ቀድሞውንም ከኔትወርክ በሚመጣ ጥቃት የሚደረስበት አልነበረም።

ስለዚህ ቁልፉ ከጥበቃዎቹ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። መስመሩ የሚከፈትበትን አድራሻ መወሰን፣ ፋየርዎሉ ከታወቁ አድራሻዎች በስተቀር ፖርት 953ን እንዲዘጋ ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉ። በእኔ አመለካከት፣ የሚተዳደሩት ሰርቨሮች ጥቂት ከሆኑ መስመሩን ወደ ውጭ መክፈቱ ጨርሶ አያስፈልግም፤ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ገብቶ ትእዛዙን እዚያው ማሽን ላይ መስጠት ምስጠራውንም የተጠቃሚ ቁጥጥሩንም አብሮ ያመጣል።

«ቁልፉ የተመሰጠረ ስለሆነ ቢታይ ችግር የለውም»

በቁልፉ ፋይል ውስጥ የሚታየው የፊደላትና የቁጥሮች ድብልቅ የቤዝ64 አጻጻፍ ብቻ ነው፤ ማንም በቀላሉ ወደ መነሻው ይመልሰዋል፤ መመለስም አያስፈልገውም፣ እንዳለ ገልብጦ ይጠቀምበታል። ፋይሉን ማንበብ የቻለና ወደ ፖርቱ የሚደርስ ሰው ሰርቨሩን ማቆምም ይችላል። የማንበብ ፈቃዱ ኔምድ ለሚሠራበት ተጠቃሚና ለአስተዳዳሪው ብቻ ይሰጥ፤ የማዋቀሪያ ፋይሎች በጋራ ማከማቻ ውስጥ በሚቀመጡበት ቤት ደግሞ ቁልፉ ለብቻው ፋይል ተሠርቶለት ከማከማቻው ውጭ ይቆይ።

«ለክትትል ፕሮግራሙ የሰጠሁት ቁልፍ ሁኔታን ከመጠየቅ አያልፍም»

በነባሪው አሠራር ትክክለኛ ቁልፍ ያለው ሁሉ ሁሉንም ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ከ9.11 ዕትም ጀምሮ በኮንትሮልስ ክፍል ውስጥ አንድን መስመር ለንባብ ብቻ ማድረግ ተችሏል፤ በዚያ መስመር የሚመጣ ሰው እንደ ስቴተስና ዞንስቴተስ ያሉትን ጠያቂ ትእዛዞች እንጂ ለውጥ የሚያስከትሉትን አይፈቀድለትም። ገደቡ የሚጻፈው በቁልፉ ላይ ሳይሆን በመስመሩ ላይ ስለሆነ፣ ለክትትል የተለየ ፖርትና የተለየ ቁልፍ ያለው ሁለተኛ መስመር መክፈት ያስፈልጋል፤ የክትትሉ ቁልፍም በዋናው መስመር ዝርዝር ውስጥ መግባት የለበትም።

«ማረጋገጫው ካልተሳካ ቁልፉን እንደ አዲስ ማመንጨት ነው»

ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያወሳስበው ይኸው መፍትሔ ነው። አርኤንዲሲ-ኮንፍጄን የተባለው አመንጪ በሰረዝ-ኤ አማራጭ ሲታዘዝ የሚጽፈው አርኤንዲሲ.ኪ የተባለውን ፋይል ብቻ ነው፤ አርኤንዲሲ ግን አርኤንዲሲ.ኮንፍ የተባለ ፋይል ካገኘ የሚከተለው እሱን ነው። አስተዳዳሪው ቁልፉን በአዲስ ይተካል፣ ኔምድን ያስነሣል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፤ አርኤንዲሲም ከዓመታት በፊት በተጻፈው አርኤንዲሲ.ኮንፍ ውስጥ ባለው አሮጌ ምስጢር ፈርሞ ይልካል። ሁለቱም ፋይሎች መኖራቸውን የሚናገር ማስጠንቀቂያ በተርሚናሉ ላይ ይወጣል፤ ይሁንና የሚያነብበው ጥቂት ነው።

አርኤንዲሲ ግንኙነቱ ሲቋረጥበት የዕትም አለመጣጣምን፣ የፈቃድ ማጣትን፣ የሰዓት መዛባትን፣ የስልተ ቀመር ልዩነትንና የተሳሳተ ቁልፍን አንድ ላይ የሚደረድር ረጅም መልእክት ያወጣል። መልሱ ያለው በሌላው ወገን፣ በኔምድ ሎግ ውስጥ ነው። እዚያ ባድ ኦዝ ተብሎ ከተመዘገበ ምስጢሩ ወይም ስልተ ቀመሩ አልገጠመም፤ አንዱ ወገን ኤችማክ-ኤምዲ5፣ ሌላው ኤችማክ-ሻ256 ብሎ ከሆነ ምስጢሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም አይግባቡም። ክሎክ ስኪው ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ቁልፉ ምንም አልሆነም፤ እያንዳንዱ መልእክት የተላከበትን ሰዓት ይዞ ስለሚሄድ፣ የሁለቱ ማሽኖች ሰዓት ከ300 ሴኮንድ በላይ ከተራራቀ ሰርቨሩ አይቀበለውም። የሚስተካከለው የማሽኖቹን ሰዓት የሚያስማማው ኤንቲፒ ነው።

«ሪሎድ ተሳክቷል ካለ አዲሱ መረጃ ወጥቷል»

በቅድሚያ ሪሎድና ሪኮንፊግ አንድ አይደሉም። ሪኮንፊግ የማዋቀሪያውን ፋይል አንብቦ አዲስ የተጨመሩ ዞኖችን ብቻ ይጭናል፤ የነባር ዞኖች ፋይል ቢለወጥም አይነካውም። እጅግ ብዙ ዞን ባለበት ሰርቨር ላይ ጥቅሙ ይኸው ነው። ሪሎድ ግን ማዋቀሪያውንም ዞኖቹንም ይመለከታል።

ሆኖም የሪሎድ መልስ ትእዛዙ ስለመድረሱ እንጂ ስለ እያንዳንዱ ዞን ይዘት የሚመሰክር አይደለም። አንድን ዞን ብቻ እንዲጭን ሲታዘዝ ሰርቨሩ ጭነቱ ተራ ይዟል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ የዞኑ ፋይል ውስጥ ስሕተት ካለ ጭነቱ ከዚያ በኋላ ይከሽፋል፣ ሎጉ ይመዘግበዋል፣ ሰርቨሩም የቀድሞውን መረጃ ማስተናገዱን ይቀጥላል። ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል፤ አዲሱ አድራሻ ብቻ አይታይም። ከሪሎድ በፊት ፋይሉን በኔምድ-ቼክዞን መመርመር፣ ከሪሎድ በኋላ ደግሞ በዞንስቴተስ ሲሪያል ቁጥሩን (ዞኑ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ማደግ ያለበትን ቁጥር) ማየት ይህን ግርታ ያስቀራል። ሲሪያሉን ሳያሳድግ የጫነ ሰው በዋናው ሰርቨር ላይ አዲሱን መረጃ ያያል፤ ዞኑን ከእሱ የሚገለብጡት ተከታዮቹ ሰርቨሮች ግን የተለወጠ ነገር እንደሌለ ቆጥረው በአሮጌው ይቆያሉ።

ተለዋዋጭ ማሻሻያ (ፋይሉ በእጅ ሳይታረም መዝገቦችን በኔትወርክ መለወጥ) የተፈቀደለት ዞን ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። በእንዲህ ያለው ዞን ላይ ለውጦች መጀመሪያ የሚጻፉት በጆርናል ፋይል ስለሆነ፣ ዋናውን ፋይል በእጅ ማረም ከጆርናሉ ጋር ያጋጫል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፍሪዝ ብሎ ማሻሻያውን ማገድ፣ ፋይሉን ማረምና ሲሪያሉን ማሳደግ፣ ከዚያም ቶው ብሎ መልቀቅ ነው። ቶው ዞኑን ከፋይሉ ራሱ ስለሚጭነው ተጨማሪ ሪሎድ አያስፈልግም።

«ፍላሽ ካልኩ ዓለም ሁሉ አዲሱን አድራሻ ያያል»

ፍላሽ የሚያጸዳው ትእዛዙ የደረሰውን ሰርቨር ካሽ ብቻ ነው። የሌሎች ተቋማት ሰርቨሮች የያዙት መልስ የሚጠፋው በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ቲቲኤል (መልሱ በካሽ የሚቆይበት ጊዜ፣ በሴኮንድ) ሲያልቅ ነው፤ 86400 ከተባለ እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። አድራሻ ለመቀየር ያሰበ ሰው ቲቲኤሉን ከለውጡ ቀደም ብሎ፣ ቢያንስ አሮጌው ቲቲኤል የሚፈጀውን ጊዜ ያህል አስቀድሞ ዝቅ ማድረግ አለበት። በራሱ ሰርቨር ላይ አንድ ስም ብቻ የተሳሳተ ከሆነም ሙሉውን ካሽ ከማጥፋት ፍላሽኔም ለዚያ ስም፣ ፍላሽትሪ ደግሞ ለስሙና ከሥሩ ላሉት ሁሉ ይበቃል፤ ሥራ የበዛበትን ሰርቨር ካሽ ጠቅላላ ማጽዳት ቀጣዮቹን ጥያቄዎች ሁሉ እንደ አዲስ ፍለጋ ያስጀምራቸዋል።