«ለሁሉም ቪፒኤን የሚሆን ራውተር» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ቪፒኤን፣ ማለትም የኢንተርኔት ግንኙነታችሁን አመስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት፣ ስልክ ላይ መጫን ቀላል ነው። አፑን ታወርዳላችሁ፣ አንድ ቁልፍ ትነካላችሁ፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው አፕ የማይጫንባቸው ዕቃዎች ቤት ውስጥ ሲበዙ ነው። ቲቪው አለ፣ የጌም ኮንሶሉ አለ፣ ካሜራው አለ። ያኔ ነው ሰው ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳጥን፣ ራውተሩን፣ አይቶ «ለምን አንዴ እሱ ላይ ጭኜው አልገላገልም?» የሚለው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ የቪፒኤን አገልግሎቶች ራውተሩን እንደ አንድ መሣሪያ ስለሚቆጥሩት፣ ከጀርባው ያለው ሁሉ በአንድ ግንኙነት ያልፋል። ግን ስለ ራውተር የምንሰማው አብዛኛው ነገር ከካርቶን ላይ ማስታወቂያ የመጣ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ካርቶኑ ላይ ቪፒኤን የሚል ካለ በቃኝ»

አይበቃም። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱ ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙም።

አንዱ «ቪፒኤን ፓስስሩ» የሚባለው ነው። ራውተሩ ራሱ ምንም አይሠራም። ኮምፒውተራችሁ ላይ የከፈታችሁት ቪፒኤን ሲያልፍ መንገድ አይዘጋበትም፣ ያ ብቻ ነው። ፒፒቲፒ እና አይፒሴክን የመሳሰሉ የቆዩ ፕሮቶኮሎች (የቪፒኤን መገናኛ ደንቦች) የቤት ራውተር ሲያጋጥማቸው ይደናቀፉ ስለነበር የመጣ መፍትሔ ነው። ዛሬ ይህ የሌለውን ራውተር ማግኘት ይከብዳል።

ሌላው «ቪፒኤን ሰርቨር» ነው። ይሄ ደግሞ ውጭ ሆናችሁ ወደ ቤታችሁ ኔትወርክ የምትገቡበት በር ነው። ጠቃሚ ነው፣ አልክድም። ግን እናንተ የፈለጋችሁት ከቤት ወደ ውጭ መውጣት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ሦስተኛው ነው፤ «ቪፒኤን ክላየንት»። ራውተሩ ራሱ ከቪፒኤን አገልግሎቱ ጋር ይገናኝና የቤቱን ትራፊክ በዚያ ይልካል።

ታዲያ ከመግዛቴ በፊት በምን ልወቀው? የራውተሩን መመሪያ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱና የቪፒኤን ምዕራፉን ክፈቱ። ገጹ ላይ ፋይል መጫኛ ቦታ እና «አገናኝ» የሚል ቁልፍ ካለ ክላየንት ነው። የፖርት ቁጥር ምረጡ፣ ለተጠቃሚዎች ስም ፍጠሩ የሚል ብቻ ከሆነ ሰርቨር ነው። እለፉት።

«ለማንኛውም ቪፒኤን የሚሆን ራውተር አለ»

የለም። ነገሩ ግማሹ በራውተሩ እጅ ነው፣ ግማሹ በቪፒኤን አገልግሎቱ። ስለዚህ እኔ ብሆን ራውተር መምረጥ የምጀምረው ከቪፒኤን አካውንቴ ነው። ግቡና በጣም ለተለመዱት ሁለት ፕሮቶኮሎች፣ ለኦፕንቪፒኤን ወይም ለዋየርጋርድ፣ የሚሆን የማዋቀሪያ ፋይል ማውረድ ይቻል እንደሆነ እዩ። ከተቻለ፣ እነዚህን ሁለቱን የሚያነብ ራውተር ሁሉ ይሆናችኋል። ነገ አገልግሎት ብትቀይሩም ፋይሉን ብቻ ትቀይራላችሁ። «ለሁሉም የሚሆን» የሚባለው ነገር በተግባር ይሄው ነው።

ፋይሉ ራሱ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የዋየርጋርዱን በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ብትከፍቱት ከአሥር መስመር ብዙም አይበልጥም። የእናንተ የግል ቁልፍ፣ የተሰጣችሁ የውስጥ አድራሻ፣ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) አድራሻ፣ የሰርቨሩ የአደባባይ ቁልፍ፣ ሰርቨሩ ያለበት አድራሻ ከነፖርቱ፣ በመጨረሻም የትኛው ትራፊክ በዚያ ይለፍ የሚል መስመር። የግል ቁልፉ ያለበትን ፋይል ግን ለማንም አትላኩ። እርዳታ ስትጠይቁ ስክሪንሹት ላይም ሸፍኑት።

ፋይል የማይሰጡ፣ በራሳቸው አፕ ብቻ የሚሠሩ አገልግሎቶችም አሉ። የራሳቸውን ፕሮቶኮል የሠሩም አሉ። ለምሳሌ የኤክስፕረስቪፒኤን ላይትዌይ በተለመደ ራውተር ሜኑ ውስጥ አይገኝም። አገልግሎቱ በአፑ ላይ ስለሮጠላችሁ ራውተራችሁ ላይም እንደዚያው ይሮጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ክላየንት አለው የሚባል አሮጌ ራውተር ገዝታችሁ፣ ስትከፍቱት ፒፒቲፒ ብቻ ካለው እንደሌለው ቁጠሩት። የፒፒቲፒ የይለፍ ቃል አሠራር ሊሰበር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2012 በአደባባይ ታይቷል። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን ሲስተም፣ ከአይኦኤስ 10 ላይ አውጥቶ ጥሎታል።

«ዋይፋዩ ፈጣን ከሆነ ቪፒኤኑም ፈጣን ነው»

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ኤኤክስ3000» ተብሎ የተጻፈው የዋይፋዩ ሞገዶች በወረቀት ላይ የሚደርሱበት ፍጥነት ድምር ነው። ከቪፒኤን ጋር ዝምድና የለውም። ቪፒኤን ላይ ሥራው ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። የሚወጣውን እያንዳንዱን ፓኬት (ትንሽ የዳታ ጥቅል) ማመስጠር፣ የሚገባውን መፍታት አለበት። ከዚህም በላይ፣ ርካሽ ራውተሮች ፈጣን የሚመስሉት ተራውን ትራፊክ ፕሮሰሰሩ ሳይነካው በተለየ ቺፕ ክፍል ስለሚያሳልፉት ነው። ቪፒኤን ሲበራ ያ አቋራጭ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ነው 100 ሜጋቢት መስመር ያለው ሰው አሮጌ ራውተር ላይ ኦፕንቪፒኤን ከፍቶ 10 ወይም 20 ሜጋቢት ብቻ የሚያገኘው። ከዚያ የቪፒኤን ድርጅቱን ይሳደባል። ለማጣራት ቀላል ነው። የፍጥነት መለኪያ እየሮጠ እያለ የራውተሩን የፕሮሰሰር ገጽ ክፈቱ። ከፕሮሰሰሩ ክፍሎች (ኮሮች) አንዱ ኮር ጫፍ ነክቶ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ከተቀመጡ መልሱ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኦፕንቪፒኤን በተለምዶው አሠራር በአንድ ኮር ብቻ ነው የሚሮጠው። አሥር ሠራተኛ ተቀጥሮ ፖስታ የሚያሽገው አንዱ ብቻ እንደሆነበት ቢሮ ማለት ነው። ስለዚህ ለኦፕንቪፒኤን ከኮሩ ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ጉልበት ይበልጣል። ኤኢኤስ የሚባለውን ምስጠራ በሃርድዌር የሚያግዝ ፕሮሰሰር ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ሁሉም አዲስ ቺፕ አለው ብላችሁ ግን አታስቡ። ብዙ ሰው ወደ ራውተር የሚቀይረው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር እንኳ ይህ እገዛ የለውም።

ዋየርጋርድ እዚህ ላይ ነው የሚያሸንፈው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.6 ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ሥራውን እዚያው ከርነሉ ውስጥ ይጨርሳል፣ ለብዙ ኮርም ያካፍላል። የሚጠቀምበት ቻቻ20 የሚባል ምስጠራም ያለ ልዩ ሃርድዌር ይፈጥናል። በዚያው ራውተር ላይ ከኦፕንቪፒኤን ብዙ እጥፍ ቢፈጥን አይግረማችሁ።

እንደ ጂኤል አይኔት ያሉ አንዳንድ አምራቾች የሁለቱን ፍጥነት ለየብቻ ይጽፋሉ። ካርቶኑ ላይ ልታምኑት የሚገባ ቁጥር ካለ እሱ ነው። እሱም ቢሆን ጥሩ ሁኔታ ላይ የተለካ ስለሆነ ትንሽ ቀንሳችሁ ያዙት።

«ፈርምዌር ከቀየርኩለት ማንኛውም አሮጌ ራውተር ይሆናል»

ፈርምዌር ራውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለው ነጻ ፈርምዌር እ.ኤ.አ. በ2004 ከሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ ራውተር ተነስቶ ዛሬ በጣም ብዙ ሞዴሎች ላይ ይሠራል። ዋየርጋርድንም ኦፕንቪፒኤንንም ይጨምርላችኋል። ግን ተአምር አይሠራም። 4 ሜጋባይት ማከማቻ እና 32 ሜጋባይት ራም ያላቸውን ከደገፈ ቆይቷል። የደከመውንም ፕሮሰሰር አያጠነክርም። ብሮድኮም የዋይፋይ ቺፕ ያላቸው ላይ ደግሞ ዋይፋዩ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።

ሌላው ወጥመድ የሞዴሉ ስም ነው። ያው ስም ያላቸው ሁለት ራውተሮች ውስጣቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሥር ያለው ተለጣፊ ላይ «ቪ2»፣ «ቪ5» እያለ የሚቀጥለውን አንብቡ። የአንዱን ፈርምዌር ሌላው ላይ መጫን ራውተሩን የማይነሳ ጡብ ሊያደርገው ይችላል። በፈርምዌር መጨነቅ ካልፈለጋችሁ ክላየንቱ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ግዙ። ብዙ የአሱስ ሞዴሎች እንደዚያ ናቸው።

«ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅት የሰጠኝን ሳጥን ማንሳት አለብኝ»

የለባችሁም። የራሳችሁን ራውተር በኬብል ከኋላው ሰኩት። ክላየንት ወደ ውጭ ብቻ ስለሚደውል ከሁለት ራውተር ጀርባም ይሠራል፣ የራሳችሁ የአደባባይ አይፒ (ከውጭ የሚታይ የኢንተርኔት አድራሻ) ባይኖራችሁም ይሠራል። የሁለቱ የውስጥ አድራሻ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ብቻ አረጋግጡ፤ ሁለቱም 192.168.1 ከሆኑ አንዱን ቀይሩ።

«ራውተሩ ላይ ካለ ቤቱ በሙሉ ተሸፍኗል»

በአብዛኛው አዎ፣ ግን ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ፋይሉ የድሮውን የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት፣ አይፒቪ4ን፣ ብቻ ይዞ መስመራችሁ አዲሱ አይፒቪ6 ካለው፣ ከፊሉ ትራፊክ በጎን ሊወጣ ይችላል። ዲኤንኤሱ የድሮው ሆኖ ከቀረ፣ የምትጎበኟቸው ስሞች አሁንም ለኢንተርኔት አቅራቢው ይታያሉ። ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ትራፊኩን የሚያቆመው «ኪል ስዊች» ካልበራ፣ ቤቱ ሳታውቁ ወደ ተራው መስመር ይመለሳል። ስልካችሁ ከቤት ሲወጣ ሽፋኑ እቤት እንደሚቀር ደግሞ መቼም ግልጽ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሁሉም ዕቃ መሸፈን የለበትም። የባንክ አፖችና የፊልም አገልግሎቶች ቪፒኤን ሲያዩ ብዙ ጊዜ ፊት ይነሳሉ። ስለዚህ የትኛው መሣሪያ በቪፒኤን፣ የትኛው በተራው መስመር እንደሚሄድ ለይቶ ማዘዝ የሚያስችል ራውተር ምረጡ። ለእኔ ይሄ ዋይፋይ 7 ከሚባለው አዲስ የዋይፋይ ትውልድ በፊት የሚመጣ ነው። የሌለው ራውተር ላይ ቪፒኤኑን በቀን አምስቴ ስታጠፉና ስታበሩ ትኖራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ጠፍቶ ይቀራል።

«ተገናኝቷል ካለኝ ጨርሻለሁ»

አረንጓዴው መብራት በርቶ፣ አንዳንዱ ገጽ ሲከፈት አንዳንዱ እየተሽከረከረ ከቀረ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ኤምቲዩ የሚባለው የፓኬት መጠን ነው። ቪፒኤን በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን ሽፋን ስለሚጨምር ለዕቃው የሚቀረው ቦታ ይጠባል። ዋየርጋርድ በተለምዶ 1420 ይጠቀማል። ካልሠራ ወደ 1380፣ ከዚያም ወደ 1280 ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛው ችግር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው የሚታየው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ለሰዓታቸው ባትሪ የላቸውም። ሲነሱ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚነሱት። የዋየርጋርድ ሰርቨር ካለፈው ጥሪ የቀደመ ሰዓት የያዘ ጥሪ ሲመጣለት አይቀበልም። ኦፕንቪፒኤንም ሰርተፍኬቱ ገና ጊዜው ያልደረሰ ሊመስለው ይችላል። ራውተሩ ሰዓቱን ለማስተካከል ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኪል ስዊቹ ደግሞ ያለ ቪፒኤን ኢንተርኔት የለም ይለዋል። እንደዚያው ተፋጠው ይቀመጣሉ። መፍትሔው የራውተሩ የራሱ የሰዓት ጥያቄ በተራው መስመር እንዲወጣ መፍቀድ፣ የሰዓት ሰርቨሩንም በስም ሳይሆን በአይፒ አድራሻ ማስገባት ነው። ይህን እናንተ እቤት እያላችሁ ፈትኑት። ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩትና መልሳችሁ ሰኩት። በራሱ ካልተገናኘ፣ ቁልፉን እና የይለፍ ቃሉን ከመጠራጠራችሁ በፊት የራውተሩን ሰዓት እዩ።