የስላቭ ሕዝቦች የግል ስሞች፦ ከቭላዲሚር እስከ ሳሻ

በአማርኛ ተተርጉሞ የቀረበ የሩሲያ ልቦለድ ያነበበ ሰው ይህን ግራ መጋባት ያውቀዋል። በመጀመሪያው ገጽ አሌክሳንድር የተባለው ሰው ጥቂት ገጾች ሲገለጡ ሳሻ ይሆናል፤ አክስቱ ሹራ ትለዋለች፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ደግሞ አሌክሳንድር ኢቫኖቪች ብሎ ይጠራዋል። አንባቢ አዳዲስ ሰዎች የመጡ መስሎት ወደ ኋላ እየገለጠ ይፈልጋል። ሰውየው ግን ያው አንዱ ነው። የስላቮችን ስም ለመረዳት ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት ማየት አይበቃም፤ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራም ማወቅ ያስፈልጋል።

ስላቭ የሚለው መጠሪያ ሩሲያውያንን፣ ዩክሬናውያንን፣ ቤላሩሳውያንን፣ ፖላንዳውያንን፣ ቼኮችን፣ ሰርቦችን፣ ክሮአቶችን፣ ቡልጋሪያውያንንና ሌሎችንም ያቅፋል። እነዚህ ሕዝቦች ክርስትና ከመቀበላቸው በፊት ለልጆቻቸው የሚያወጡት ስም በገዛ ቋንቋቸው የሚናገር ነበር። መሳፍንቱ በተለይ ሁለት ቃላት አጣምረው ስም ይሠሩ ነበር። ከሁሉ አብዝቶ የሚደጋገመው «ስላቭ» የሚለው ክፍል ሲሆን ትርጉሙ ክብርና ዝና ነው። ስቪያቶስላቭ ቅዱስ ክብር፣ ያሮስላቭ የሚያበራ ወይም የሚፋጅ ክብር ማለት ነው። የፖላንዱ ቦሌስላቭ የበለጠ ክብርን ይመኛል፤ ምስቲስላቭ በቀልን ከክብር ጋር ያጣምራል። ቭሴቮሎድ ሁሉን ገዥ፣ ሉድሚላ በሕዝብ የተወደደች፣ ቦግዳን እግዚአብሔር የሰጠው ማለት ነው። ስም ምኞትና ምስጋና በሚናገርበት አገር ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ባዕድ አይሆንበትም።

ቭላዲሚር ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። የመጀመሪያው ክፍል መግዛት ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ በሁለተኛው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዛሬው ሩሲያኛ «ሚር» ሰላምም ዓለምም ማለት በመሆኑ ስሙ «ዓለምን የሚገዛ» ተብሎ ይፈታል። የቋንቋ ምሁራን እንደሚያስረዱት ግን የጥንቱ ቃል «ሜር» ነበር፤ ትርጉሙም ታላቅ፣ ስመ ጥር ማለት ነው። እንግዲህ ቭላዲሚር በገዥነቱ የገነነ ሰው ነው። ሌላም ነገር አለ። ቭላዲሚር የሚለው አጠራር ከቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ የተወሰደ ሲሆን የምሥራቅ ስላቮች አፍ ቮሎዲሚር ይል ነበር። ዩክሬናውያን ዛሬም እንዲሁ ይሉታል። ሩሲያውያንም ቢሆኑ በመዝገብ ቭላዲሚር ብለው የጻፉትን ልጅ ቤት ውስጥ ቮሎድያ ይሉታል፤ የጥንቱ ድምፅ በቁልምጫው ውስጥ ተጠብቆ ኖሯል።

ሁሉም ስም ግን ክብርን አይመኝም። ክፉ ዓይንንና ክፉ መንፈስን ለማሳሳት ልጁን ኔክራስ፣ ማለትም ቆንጆ ያልሆነ፣ ወይም ኔዥዳን፣ ማለትም ያልተጠበቀ፣ ብሎ መጥራት የተለመደ ነበር። በሰርቦች ዘንድ ቩክ፣ ማለትም ተኩላ፣ የሚባል ስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1787 የተወለደው ቩክ ካራጂች ይህን ስም ያገኘው ከእሱ በፊት የተወለዱት ልጆች ስለሞቱ ነው፤ ጠንቋዮች ተኩላን አይደፍሩም ተብሎ ይታመን ነበር። ልጁ በሕይወት ኖሮ የሰርብኛን ፊደልና ሰዋስው ያደሰ ታላቅ ሰው ሆነ። የቡልጋሪያዎቹ ስቶያን፣ ጸንቶ የሚቆም፣ እና ዚቭኮ፣ ሕያው፣ የእኛን ኑርልኝን ያስታውሳሉ። ከስላቭ ስሞች ሁሉ ልብ የሚነኩኝ እነዚህ ናቸው፤ የእናት ስጋት በቀጥታ ይሰማባቸዋል።

የኪየቭ መስፍን ቭላዲሚር እ.ኤ.አ. በ988 ክርስትናን ሲቀበል በጥምቀት ቫሲሊ ተባለ፤ ይኸውም የእኛ ባስልዮስ ነው። አያቱ ኦልጋ ቀደም ብላ ስትጠመቅ ኤሌና ተብላ ነበር። ኦልጋ፣ ኦሌግና ኢጎር ራሳቸው ስላቫዊ ይምሰሉ እንጂ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ስሞች ናቸው። ለረጅም ዘመን አንድ ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም ነበረው፤ ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። በሩሲያ ግን የክርስትናው ስም ቀስ በቀስ የቤቱን ስም አስለቀቀው። የተረፉት በአብዛኛው እንደ ቭላዲሚር በቅዱሳን መዝገብ የገቡት ናቸው።

ከግሪክ፣ ከዕብራይስጥና ከላቲን የመጡት ስሞች አብዛኞቹ እኛም ዘንድ አሉ፤ የሚለዩት በአነጋገር ነው። የሩሲያ አፍ «ቴታ» የተባለውን የግሪክ ፊደል «ፍ» ስላደረገው ቴዎድሮስ ፊዮዶር፣ ቶማስ ፎማ፣ ማርታ ማርፋ፣ አትናቴዎስ አፋናሲ ሆነዋል። ኢቫን ዮሐንስ ነው፤ ኢሊያ ኤልያስ፣ ኪሪል ቄርሎስ፣ ማካር መቃርስ። ዩሪና ዬጎር ሁለቱም ከጊዮርጊስ የወጡ ናቸው። ከሴቶቹ አናስታሲያ ትንሣኤ፣ ኢሪና ሰላም፣ ዞያ ሕይወት፣ ናታሊያ የጌታ ልደት ማለት ነው። ነገር ግን ስሙ ሲሻገር ትርጉሙ አብሮ አልተሻገረም። ሩሲያዊት እናት «ኢሪና» ብላ ስትጣራ ሰላም የሚለው ቃል ጆሮዋ አይገባም። ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት አየዋለሁ። ከዚህ ያመለጡት ሦስት ሰማዕታት እኅትማማቾች ናቸው፤ ስማቸው ከግሪክ ተተርጉሞ ቬራ (እምነት)፣ ናዴዥዳ (ተስፋ) እና ሉቦቭ (ፍቅር) ሆኗል። ከእናታቸው ከሶፊያ ጋር በዓላቸው መስከረም ወር ላይ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 30 ይከበራል።

ስቬትላና ደግሞ ከብርሃን የተሠራ የጥንት ስም ይመስላል፤ እውነቱ ግን የገጣሚዎች ፈጠራ መሆኑ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በግጥም ታየ፤ በ1813 የታተመው የዡኮቭስኪ ግጥም በአገሩ ሁሉ አሰራጨው። በቅዱሳን መዝገብ ስላልነበረ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን በዚህ ስም አታጠምቅም ነበር።

ከ1917 አብዮት በኋላ መዝገቡ ተዘጋና አዲስ ስም ማውጣት ተጀመረ። ቭላድሌን ከቭላዲሚር ሌኒን ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ ማርሌን ከማርክስና ከሌኒን። ኦክቲያብሪና የጥቅምቱን አብዮት ታስታውሳለች። ኒኔል የተባለችው ሴት ልጅ ስም በሩሲያኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ሌኒን ይላል። አብዛኞቹ ብዙ አልቆዩም፤ ሰዉ ወደ ማሪያና ወደ አሌክሳንድር ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የሩሲያ ሕግ ቁጥር ወይም ስድብ ያለበትን ስም አይመዘግብም። በፖላንድና በቼክ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ላይ በየቀኑ ስም ይታተማል፤ የስሙ ባለቤት በዕለቱ አበባና የመልካም ምኞት መግለጫ ይቀበላል።

ወደ ቁልምጫው እንመለስ። ማሪያ ማሻ፣ ማሩስያ፣ ማሼንካ ትሆናለች፤ ኢቫን ቫንያ ወይም ቫኔችካ ይባላል። ሳሻ ለወንዱ አሌክሳንድርም ለሴቷ አሌክሳንድራም ያገለግላል፤ ዜንያም እንዲሁ ለየቭጌኒና ለየቭጌኒያ። «ካ» የሚለው ጭራ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቫንካ በልጅነት ጓደኛ አፍ ፍቅር ሲሆን በሌላ ሰው አፍ ንቀት ነው። በሞስኮ ዛሮች፣ ማለትም ነገሥታት፣ ዘመን ትልልቅ መኳንንት ሳይቀሩ ለዛሩ በሚያቀርቡት አቤቱታ ራሳቸውን አሳንሰው «ባሪያህ ኢቫሽካ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ይህን የከለከለው ዛሩ ታላቁ ጴጥሮስ ነው።

ክብር የሚገለጸው በአባት ስም ነው። አባቱ ኢቫን የሆነ ወንድ ኢቫኖቪች፣ ሴት ኢቫኖቭና ትባላለች፤ ተማሪ መምህሩን፣ ታካሚ ሐኪሙን በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል። እኛ «አቶ» ወይም «አንቱ» ብለን የምንሰጠውን ክብር እነሱ በዚህ ይሰጡታል። «ቪች» የሚለው ጭራ ራሱ በአንድ ወቅት ከዛር የሚገኝ ማዕረግ ነበር፤ ነጋዴዎቹ የስትሮጋኖቭ ቤተሰቦች በ1610 በልዩ ፈቃድ አግኝተውታል።

ይህን ሥርዓት የሚያሳይ አንድ አፍሪካዊ ሰው አለ፤ የገጣሚው የአሌክሳንድር ፑሽኪን በእናቱ በኩል ቅድመ አያት የሆነው አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በቁስጥንጥንያ በኩል ሩሲያ ደረሰ። የቆየው ትረካ ሐበሻ ያደርገዋል፤ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። በ1705 በቪልኒውስ ሲጠመቅ የክርስትና አባት የሆነው ታላቁ ጴጥሮስ፣ በሩሲያኛ ፒዮትር፣ ስለነበር ፔትሮቪች ተባለ። አብራም ይዞት ከመጣው ኢብራሂም የተገኘ ነው፤ ጋኒባል ከካርታጎው የጦር መሪ ከሐኒባል። የወላጅ አባቱ ስም ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ የለም።