በሊቃውንት ከተማ፣ በጫማ ሰፊ ደጃፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ቅዱስ ማርቆስ ወንጌልን ይዞ እስክንድርያ ሲገባ ከተማዋ የመጻሕፍትና የፈላስፎች ከተማ ነበረች። ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ቋንቋ የተመለሰው፣ የሰባ ሊቃናት የምንለው ትርጉም የተገኘው በዚያ ነው። እንዲህ ባለች ከተማ ሐዋርያው ማንን ቀድሞ ያስተምር?

ትውፊታችን የሚነግረን ይህን ነው። መንገድ ብዙ የሄደበት ጫማው ተበጠሰና ሊያሰፋው አንያኖስ ወደሚባል ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደ። አንያኖስ ሲሰፋ ወስፌው እጁን ወጋው፤ ሕመሙ ቢጸናበት «አንድ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። ማርቆስ አፈር በምራቁ ለውሶ ቁስሉን ቀባው፤ እጁም ዳነ። ያ ሳያስበው ስሙን የጠራው አምላክ ማን እንደሆነ ያስተምረው ጀመር። አንያኖስ ከነቤተሰቡ ተጠመቀ፤ ከማርቆስም ቀጥሎ በመንበሩ የተቀመጠው እርሱ ነው። ወስፌ የያዘ እጅ መስቀል ያዘ!

አጵሎስንም አስቡት። የእስክንድርያ ሰው፣ «በመጻሕፍት እውቀት የበረታ» ነበረ (ሐዋ. 18፥24)። ግን አቂላና ጵርስቅላ፣ ድንኳን ሰፊዎቹ፣ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው ሲነግሩት ዝቅ ብሎ ሰማ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከንግግር ችሎታው ይልቅ ይህ መስማቱ ነው። ስንቶቻችን ነን ጥቂት ካነበብን በኋላ ከእናቶቻችን አፍ ቃል መቀበል የሚያቅተን?

በከተማዋ ኋላ ስመ ጥር የሆነ የትምህርተ ሃይማኖት ቤት ነበር። ከቀደሙት መምህራኑ አንዱ ጰንጠኖስ ሳያምን በፊት ፈላስፋ ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ዲዲሞስ ተነሣ። ይህ ሰው ፊደል ሳይቆጥር ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፋ። እኛ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ፊደሉን በስንደዶ እየነካን ቆጥረናል፤ እርሱ ግን እንጨት ላይ የተቀረጸውን ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ እንደተማረ ይነገራል። የሌሎችን ንባብ እየሰማ መጻሕፍትን በልቡ ያዘ። አባ እንጦንስ ባገኘው ጊዜ፣ ዝንብና ትንኝም ያላቸውን ዓይን ስላጣህ አትዘን፤ መላእክት የሚያዩበት፣ እግዚአብሔርም የሚታይበት ዓይን አለህና ደስ ይበልህ ብሎ እንዳጽናናው ተጽፏል።

ይህን ዓይነ ሥውር መምህር በትምህርት ቤቱ ላይ የሾመው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ከአክሱም መጥቶ ጳጳስ ላኩልን ያለውን ፍሬምናጦስንም ቀብቶ የመለሰልን ያው አትናቴዎስ ነው። አባቶቻችን ፍሬምናጦስን አባ ሰላማ፣ ከሣቴ ብርሃን አሉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።