ሊሚትድ አኒሜሽን ምንድን ነው?

የቴሌቪዥን ካርቱን ላይ አንድ ገጸ ባሕሪ ቆሞ ሲያወራ ልብ ብላችሁ እዩት። ገላው ፍንክች አይልም። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አልፎ አልፎ ዓይኑ ይርገበገባል፤ በቃ። ይህ አሠራር ሊሚትድ አኒሜሽን ይባላል።

ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያሳያል። በሙሉው አሠራር ለእያንዳንዷ ሴኮንድ 12 ወይም 24 አዲስ ሥዕል ይሳላል። በሊሚትድ ግን ከኮምፒውተር በፊት ገላው አንዴ ጥርት ባለ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይሳልና እዚያው ይቆይ ነበር። አፉ ለብቻው በሌላ ፕላስቲክ ተስሎ ከላይ እየተቀያየረ በካሜራ ይነሳ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ የመጣ ዘዴ አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። መንገዱን ያስከበሩት ዩፒኤ የሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ሠዓሊዎች ናቸው፤ እነሱን የገፋፋቸውም የሥዕል ፍቅር ነበር።

በ1941 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዲዝኒ ሠራተኞች አድማ መቱ። በ1943 ዛክ ሽዋርትዝ፣ ዴቪድ ሂልበርማንና ስቲቨን ቦሱስቶ የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ፤ ኋላ ዩፒኤ የተባለው ይህ ነው። ሦስቱም ቀድሞ ዲዝኒ የሠሩ ናቸው። በ1944 የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ከፍሏቸው ለሩዝቬልት ምርጫ የቅስቀሳ ካርቱን ሠሩ። ፖስተርና ዘመናዊ ሥዕል የሚወዱ ሰዎች ስለነበሩ፣ ካርቱን እውነተኛ ሰውና እንስሳ ለመምሰል ለምን ይደክማል ይሉ ነበር። ሥዕል ሥዕል ይምሰል!

በ1950 የወጣው የዩፒኤ አጭር ካርቱን «ጄራልድ ማክቦይንግቦይንግ» ይህንን በደንብ ያሳያል። ትንሹ ልጅ ጄራልድ አፉን ሲፈታ ቃል አይወጣውም፤ የሚወጣው የዕቃና የፍንዳታ ድምፅ ነው። ቤታቸውን እዩት፦ ግድግዳውን ከወለሉ የሚለይ መስመር የለም። ጥቂት መስመር በር ትሆናለች፣ ጥቂት መስመር ወንበር። ልጁ ሲከፋው የፊልሙ ቀለም አብሮት ይጨልማል። ከቤት ጠፍቶ በሌሊት ሲሄድ ጨለማው ራሱ ያስተዛዝናል። አንድም ጌጥ ሳይጨመርበት አንጀት ይበላል። ፊልሙ ኦስካር አገኘ።

ቁጠባው የመጣው ኋላ ነው። በ1957 የፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም የካርቱን ክፍሉን ሲዘጋ፣ የ«ቶምና ጄሪ» ፈጣሪዎች ሐናና ባርቤራ ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ። በጀቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የእነሱ ገጸ ባሕሪ ዮጊ ድብ አንገትጌና ክራቫት ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጭንቅላቱ ለብቻው ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያው እንዳይታይ ይሸፍናል። ዘዴው ብልሃት አለው። ግን የዩፒኤ የቀለም ድፍረት እዚያ ብዙም አልተከተለውም።

ያ ድፍረት ዩጎዝላቪያ ሄዶ አፈራ። የዛግሬብ ሠዓሊዎች የዩፒኤን ሥራ አይተው በራሳቸው መንገድ ገፉበት። የዱሻን ቩኮቲች «ሱሮጋት» በ1962 ኦስካር ወሰደ። አሜሪካዊ ያልሆነ አጭር ካርቱን ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።